ሳይጀመር ያለቀ ሥራ

ሐረር ውስጥ ከኤረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ባለው መንገድ እኔ ነክቼው ያልተነሣ ኮምፒውተር የለም። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራ ነው፤ ግን እውነት ያለበት ጉራ ነው። መድኃኒቴ አንዲት ብቻ ነች፦ አጥፍቼ አበራዋለሁ። የፎቶ ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የሁለት ትምህርት ቤት ጸሐፊዎችን ማሽን በዚህችው መድኃኒት ፈውሻለሁ። አንድ ባለሱቅማ “ኮምፒውተሬ እንቢ አለኝ” ብሎ ሲደውልልኝ “መጣሁ በለው” አልኩት፤ ገና ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ መልሶ ደወለና “ተነሥቷል፣ አትድከም” አለኝ። ስሜን ሲሰማ ደንግጦ ነው።

ባለፈው ጥር ግን ይህችው መድኃኒት አራት ቀን ሙሉ አዋረደችኝ።

መሥሪያ ቤታችን ፈረስ መጋላ ላይ፣ ከጨርቅ ሱቆች በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሥራችን አሮጌ የእጅ ጽሑፎችን ፎቶ እያነሡ ማስቀመጥ ነው። ሁለት ሰዎች ነን። ፎቶ የምታነሣውና ሥራውን በማሽን ላይ የምታስኬደው ባልደረባዬ ናት፤ ቤተሰቦቿ ሐረር ሲኖሩ እሷ አራተኛ ትውልድ ነች፤ አፏ ግን እንደ ሐረር ሰው አፍ ስለታም ስለሆነ አምስተኛ ትመስላለች። እኔ ማሽኖቹን እጠብቃለሁ። ማሽኖቹ ስድስት ናቸው፤ ሲነሡ ታች ያለው ባለጨርቅ “ዛሬ ደግሞ አውሮፕላኑ ወዴት ነው?” ይለኛል። ስድስቱ ተያይዘው አንድ ሥራ ይካፈላሉ። የገጠሩ ሰው ጉዛ የሚለው ዓይነት ነው፤ ሁሉም ተሰብስቦ ያንዱን ማሳ እንደሚያርሰው። አንዱ ማሽን አለቃ ነው፤ ሥራ ይከፋፍላል። አራቱ ይሠራሉ። ስድስተኛዋ፣ እኔ ጠረጴዛ አጠገብ ያለችው፣ ዕቃ ቤት ናት፤ የተሠራው ሁሉ እሷ ጋ ይቀመጣል።

እያንዳንዱ ሥራ ሲካሄድ መቼ እንደተጀመረ፣ የትኛው ማሽን ምን እንደወሰደ፣ መቼ እንዳለቀ ራሱ በፋይል ይጽፋል። ሎግ እንለዋለን። አለቃው ማሽን ላይ ደግሞ ሎጎቹን ከዕቃ ቤት እያነበበ በአንድ ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም አለ፤ እሱን የታሪክ ገጽ እንለዋለን። እንለዋለን ስል፣ ስሙን እናውቀዋለን ማለቴ ነው። ከፍቶ ያየው ሰው አልነበረም። ሥራው ካለቀ አለቀ፤ ታሪኩን ማን ይፈልገዋል?

ሐጂ ፈለጉት።

ሐጂ በጊደር መጋላ ገበያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅመም ሲነግዱ ኖረው፣ ሱቁን ለልጆቻቸው ለቀው፣ አሁን ኤረር በር አጠገብ ካለው ቤታቸው መስጊድ፣ ከመስጊድ ቤት የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። አያታቸው በእጃቸው የጻፉት የዱዓና የዚክር መጽሐፍ አላቸው። በረመዳን ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚያነበው እሱን ነበር። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ጥራዙ ተፈታ፤ ቅጠሎቹ ተደባለቁ። የድሮ ጸሐፊዎች በየገጹ ግርጌ የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ቃል ያሰፍሩ ነበር፤ ቅደም ተከተሉ የሚታወቀው በእሱ ነው። ውሃው መርጦ የበላው ደግሞ ግርጌውን ነው። የተረፈው አራት መቶ የሚሆን ልቅ ቅጠል፣ አንድ የእንጨት ሣጥንና የሐጂ እየደከመ የሄደ ዓይን ነው። ሐጂ አንድ ነገር ነው የሚፈልጉት፦ ረመዳን ሳይገባ፣ ዓይናቸውም ሳይከዳቸው፣ መጽሐፉ በመልኩ ተሰድሮ ማየት።

እኛ መላ አለን አልናቸው። ማሽኖቹ ፎቶዎቹን ተካፍለው፣ ቀለሙን ከቀለም፣ የተቀደደውን ጠርዝ ከጠርዝ እያስተያዩ የትኛው ቅጠል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ይለያሉ። ሐጂ ሰምተው ሲያበቁ ጺማቸውን ዳሰሱ።

“አንድ የተማረ ሰው ነበር” አሉ። “አንብቤ እመልሳለሁ ብሎ ቅጠሎቼን ወሰደ። መለሰልኝ። አመስግኜ ተቀበልኩት። ቤት ገብቼ ስቆጥር፣ ወላሂ፣ አሥራ አንድ ቅጠል የለም። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም። ማሽንህ የትኛውን ቅጠል እንዳየ በየቀኑ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ መጥቼ አያለሁ።”

“ይኼማ ምን ችግር አለው ሐጂ!” አልኩ። “ማሽኖቹ ያነጠሱትን ሳይቀር ነው የሚጽፉት። እርስዎ ማየት እስኪሰለችዎ ድረስ አሳይዎታለሁ።”

ባልደረባዬ እግሬን ረገጠችኝ። ሐጂ ሲወጡ፣ “ገጹን ከፍተኸው ታውቃለህ?” አለችኝ።

“መክፈት ምን ይከብዳል?”

“አቦ፣ አንተኮ አንድ ቀን በምላስህ ታስይዘናለህ።”

ሰኞ ጠዋት ከፈትኩት። አሥራ ሁለት ሥራ ተደርድሮ ቁጭ ብሏል፤ የቅጠሎቹ ቁጥር፣ የተጀመረበት፣ ያለቀበት፣ ሁሉም አለ። “ምን አልኩሽ!” አልኳት። እስከ ሰዓታቸው ድረስ እየደጋገምኩ አየሁት፤ ልክ ሠርግ እንዳለባት እናት ቤቱን ዞሬ ዞሬ አልጠግብም። ሐጂ ሊመጡ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ለክብራቸው ብዬ የታሪክ ገጹን አጠፋሁና አበራሁት። ታጥቦ፣ ተተኩሶ እንዲቀርብ።

ሐጂ ገቡ። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አስደገፉ፣ ተቀመጡ፣ ከኪሳቸው ማጉያ መነጽር አወጡ።

“የታለ?”

ስክሪኑ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት፤ ምንም የተጠናቀቀ ሥራ አልተገኘም ትላለች።

“ኔትወርክ ነው” አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። በዚህ አገር አፍ ሲደነግጥ የሚወጣው ቃል እሱ ነው።

“ኔትወርክ” አሉ ሐጂ፣ “ባንክ ቤትም የሚሠራው ሰውዬ ነው? እዚያም ያጠፋው ሁሉ እሱ ነው ይሉኛል።”

ማክሰኞ ስንት ነገር እንደመረመርኩ ብነግራችሁ ትደክማላችሁ፤ እኔ ስጽፈው እንኳን እጄ ይዝላል። ሎግ መጻፍ ተፈቅዷል ወይ? ተፈቅዷል። ማሽኖቹ የሚጽፉበትና የታሪክ ገጹ የሚያነብበት ፎልደር አንድ ነው ወይ? አንድ ነው፤ ሰባት ጊዜ አየሁት፤ ሰባት ጊዜም አንድ ሆኖ አበሸቀኝ። የታሪክ ገጹ ፋይሎቹን ለማየት ፈቃድ አለው ወይ? አለው፤ ለማንኛውም ብዬ ለዓለም ሕዝብ በሙሉ ከፈትኩት። ከዚያ መብራትን ጠረጠርኩ። ሥራው በወጉ ሳይዘጋ መብራት ከሄደ፣ ሎጉ ገና እየተሠራ ያለ መስሎ ይቀራል፤ የታሪክ ገጹ ደግሞ ያላለቀ ሥራ ካለቁት ጋር አይደረድርም። አገኘሁት! አልኩ። ማሽኖቹን ከባትሪ ጋር አያይዤ መብራት እስኪሄድ ጠበቅሁ። በሳምንት አራት ቀን የሚሄደው መብራት ያን ቀን ለጉድ ሳይሄድ ዋለ። ሲፈልጉት የማይሄድ መብራት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሚሄደው ይብሳል።

ማሽኖቹ ጠዋት አዲስ ሥራ ስለሠሩ ዝርዝሩ እንደ ሰኞው ሙሉ ነበር። ሐጂ ከመምጣታቸው በፊት አጥፍቼ አበራሁት። ሐጂ ሲመጡ ባዶ።

“ሐጂ፣ እርስዎ ለምን ጠዋት አይመጡም?” አልኩ። “ጠዋት ጠዋት እኮ አለ!”

“ጠዋት ታይቶ ከሰዓት የሚጠፋ ነገር አውቃለሁ” አሉ። “ጤዛ ይባላል። እኔ የሰጠሁህ ግን ጤዛ አይደለም ልጄ፣ ቅጠል ነው።” ተነሡና በሩ ላይ ቆም አሉ። “እስከ ሐሙስ እታገሣለሁ። ሐሙስ ካላየሁ ቅጠሎቼን ይዤ እሄዳለሁ። በልቅነቱም ቢሆን ቤቴ ይደር።”

ቅጠሎቹ ግማሹ እንኳን ገና ፎቶ አልተነሡም። ሐጂ ከወሰዷቸው መጽሐፉ መቼም መጽሐፍ አይሆንም፤ ሣጥን ውስጥ ያለ ክምር ሆኖ ይቀራል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ባልደረባዬም ታውቃለች፣ ሐጂም ያውቃሉ። ደረጃውን ሲወርዱ ጃንጥላቸው የእያንዳንዱን እርከን ቁጥር እየቆጠረ ወረደ።

ረቡዕ በጣም ያፈርኩበትን ነገር አደረግሁ። ከጠዋት ጀምሮ በንዴት ተነፋፍቼ ነበር፤ ኢንተርኔት ላይ የጠየቅኋቸው ሊቃውንት ሁሉ “አጥፍተህ አብራው” እያሉ የገዛ መድኃኒቴን መልሰው ሸጡልኝ። እንደገና አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ የጠዋቱ ዝርዝር ዓይኔ እያየ ብን አለ። ዕቃ ቤቷን ከፍቼ ስፈልግ ፋይሎቹ ራሳቸው የሉም። አልተደበቁም፣ አልተሰወሩም፣ ተሰርዘዋል! ያኔ ዞር ብዬ ባልደረባዬን አየኋት።

“ፋይል በራሱ አይጠፋም” አልኩ።

“እና?”

“የይለፍ ቃሉ ያለው እኔና አንቺ ጋ ነው። እኔ አላጠፋሁም።”

ካሜራውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ቀስ ስትል ነው የምታስፈራው።

“ይኼን ሁሉ ቅጠል አንድ በአንድ እየዳሰስኩ ያነሣሁት ልሰርዘው ነው? እኔ የምሰርዘው ነገር ቢኖር፣ አቦ፣ በመጀመሪያ ያንተን ምላስ ነበር።”

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በቁራጭ ወረቀት ሆነ። “የዛሬው ቅጠል ተነሥቷል።” “መስኮቱን ዝጋ።” አንዴማ ጠረጴዛዬ ላይ “ጉንፋንህን ወዲያ አድርግ” የሚል ወረቀት አገኘሁ፤ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ተቀምጣ!

ያን ዕለት ሐጂ መጡ፣ ባዶውን አዩ፣ ሳይቀመጡ ተመለሱ። መመለሳቸው ከኔትወርኩ ቀልድ ይልቅ አመመኝ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ አደረግሁ። ዝርዝሩ ሙሉ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው፣ በወረቀት አተምኩት። ቀጥሎ እንደ ልማዴ አጥፍቼ አበራሁት። ለምን? ልማድ ነዋ። ጠፋ።

ሐጂ ከዐስር በኋላ ገቡ። በእጃቸው ባዶ ጆንያ ይዘዋል። ጆንያውን አየሁት። ባልደረባዬም አየችው፤ ቅጠሎቹ ያሉበትን ሣጥን ክዳን በመዳፏ ያዘችው።

“ሐጂ፣ ይኸው” ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። “ጠዋት የነበረው ይኼ ነው። ወላሂ ነበር።”

“ወረቀትማ አንተም ትጽፋለህ” አሉ። ግን ተቀበሉኝ። ሐጂ የተጻፈ ነገር ሳያነቡ ማለፍ አይሆንላቸውም፤ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር አንብበው ነው የሚያስቀምጡት። ማጉያ መነጽራቸውን አወጡና ከላይ ጀመሩ።

“ይኼኛው ዓምድ ምንድነው?”

“ሥራው የተጀመረበት ቀን።”

“በፈረንጅ ነው።”

“አዎ።”

“ዛሬ ጠዋት። ደህና። ይኼኛውስ?”

“ያለቀበት።”

“እሱም ዛሬ ጠዋት። ይኼ መጨረሻ ያለውስ?”

“ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈበት ነው” አልኩ። አራት ቀን ሙሉ ያንን ዓምድ አይቼው አላውቅም። ማን ያየዋል? የሠርግ መጥሪያ ላይ ማተሚያ ቤቱን የሚያነብ ሰው አለ?

ሐጂ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አደረጉት፣ እንደገና አነበቡ።

“ልጄ” አሉ፣ “እኔ ብዙ መጽሐፍ አይቻለሁ። ጸሐፊው ሲጨርስ መጨረሻው ላይ ቀኑን ያሰፍራል። አንዱን መጽሐፍ ሰባት ዓመት የጻፈ ሰው አውቃለሁ። ከመጀመሩ ሰባት ዓመት በፊት የጨረሰ ጸሐፊ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ሱብሐነላህ!”

ባልደረባዬ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ወረቀቱን ከእጃቸው መንጠቅ ቀረሽ አድርጌ ወሰድኩት። እውነታቸውን ነው። የሁሉም ሥራ የመጨረሻ ዓምድ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደኋላ ነው።

ያኔ ሁሉም ነገር በአንዴ ገባኝ፤ ሲገባኝም እንደ ቃሪያ ነው የገባኝ። የታሪክ ገጹ አንድ ጠባይ አለው፦ ዕቃ ቤት ውስጥ ሳምንት ያለፈው ሎግ ካገኘ ይጠርገዋል፤ ቦታ እንዳይሞላ። መጥረጉን ደግሞ በቀን አንዴ ያደርጋል፤ ከዚያ በተጨማሪ ልክ ሲነሣ፣ ገና ዓይኑን እንደገለጠ፣ የመጀመሪያ ሥራው እሱ ነው። የተጀመረበትንና ያለቀበትን የሚጽፉት ሌሎቹ ማሽኖች ናቸው፤ ዕቃ ቤቷ ማሽን ግን ሰዓቷ የተሳሳተ ስለሆነ የዛሬ ጠዋቱን ሎግ የሰባት ዓመት አሮጌ ነው ብላ ቀን ታትምበታለች። ጠራጊው ያያታል፣ ያምናታል፣ ይጥላል። እኔ ደግሞ በየቀኑ ሐጂ ከመምጣታቸው በፊት አጥፍቼ እያበራሁ መጥረጊያውን በእጁ አስይዘዋለሁ። አራት ቀን ሙሉ ሌባ የፈለግሁት ሌባውን እየቀሰቀስኩ ነው።

ነገሩን ለሐጂ እንደቻልኩ አስረዳሁ። አዳመጡኝና፣ “ታዲያ ሰዓቷን ማን መለሳት?” አሉ።

“ባትሪዋ ነው” አልኩ ፈጠን ብዬ። “አሮጌ ማሽን ውስጧ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት ቀኗን ትረሳለች።”

ይህ እውነት የሆነ ውሸት ነው፤ ባትሪ ሲሞት በርግጥ ቀን ይጠፋል። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጆንያውን ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። እዚያው ላይ ባቆም ኖሮ እስከ ዛሬ ጀግና ነበርኩ። ባልደረባዬ ግን ተነሥታ ወደ ዕቃ ቤቷ ስክሪን ጎንበስ አለች።

“ወር አምስት፣ ቀን ሃያ ስምንት ይላል” አለች። “ሐጂ፣ ዛሬ ቀን ስንት ነው?”

ሐጂ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ “ጥር ሃያ ስምንት። በፈረንጅ ፌብሩዋሪ አምስት። በሂጅራ ሻዕባን አሥራ ሰባት” አሉ። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ፣ ልክ የልጆቻቸውን ስም እንደሚጠሩ።

“ጥር አምስተኛ ወር ነው” አለች ባልደረባዬ። “የሞተች ባትሪ ጥር ሃያ ስምንት መሆኑን በምን አወቀች? እኔ በሕይወት እያለሁ አላውቀውም ነበር።”

ሐጂ ከጆንያው ላይ ዓይናቸውን አንሥተው አዩኝ። አሥራ አንድ ቅጠል ያጎደለውን ሰው እንዲህ ሳያዩት አልቀረም ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛ ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጥሩ ውሸት ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

“እኔ ነኝ ሐጂ” አልኩ። “መስከረም ላይ እኔ ነኝ በእጄ ወደ እኛ አቆጣጠር የመለስኳት። አጠገቤ ስለሆነች ቀን የማየው እሷ ላይ ነው።”

“ጳጉሜን ላይ ምን ልታደርጋት ነበር?” አለች ባልደረባዬ። “አሥራ ሦስተኛ ወር ከየት ልታመጣላት?”

አላሰብኩበትም ነበር። ወላሂ፣ እስከዚያች ደቂቃ ጳጉሜን የሚባል ነገር መኖሩን ረስቼዋለሁ።

ሐጂ ጆንያውን ከጉልበታቸው አነሡና ወንበሩ ስር ጣሉት፤ ማጉያ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ መወልወል ጀመሩ። “በል አስተካክላትና አሠራኝ” አሉ። “እኔ እዚሁ ነኝ።”

ቀኗን አስተካከልኩ። የሄደው ሎግ ሄዷል፣ አይመለስም፤ ፎቶዎቹ ግን ስላሉ የሳምንቱን ሥራ ከመጀመሪያው እንደገና አስነሣን። ስድስቱ ማሽኖች ጮሁ፤ ባለጨርቁ ከታች አውሮፕላኑ ዛሬ አርፍዷል ብሎ ጮኸ። አንደኛው ሥራ አለቀ፣ ዝርዝሩ ላይ ወጣ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሐጂ የእያንዳንዱን ቅጠል ቁጥር በመነጽራቸው እየተከተሉ በከንፈራቸው ቆጠሩ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ “አሁን ያን የምትወደውን ነገር አድርግ” አሉ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ስድስቱም አሉ። “አልሐምዱሊላህ” አሉ ሐጂ። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ተነሥተው ጃንጥላቸውን ያዙ። ጆንያው ወንበሩ ስር ቀረ፤ አሁን የካሜራው አቧራ መከላከያ ነው።

ባልደረባዬ ግን አለቀ አላለችም። “ይቅርታ” አልኳት። “በቃል አልቀበልም” አለች። “ሌባ ያልከኝ በቃል ነው፤ ይቅርታውን በጽሑፍ ትሰጠኛለህ። ቀን ይኑረው። በሁለቱም አቆጣጠር።”

በማግስቱ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ይቅርታው ቀላል ነበር፤ ሦስት መስመር ሆነ፣ እንዲያውም ቀልድ ጣል አደረግሁበት። ቀኑ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደገምኩ፣ በየጊዜው የተለያየ ቀን ይወጣል። እንግዲህ ማለት ስላለብኝ ልበለው፦ ሃምሳ አንድ ፈሪ ዓመት የሞላኝ የኮምፒውተር ሰው ነኝ፤ የፈረንጅን ቀን ወደ እኛ፣ የእኛን ወደ ፈረንጅ መመለስ አልችልም። ድሮም አልችልም ነበር። የልጄን የልደት ቀን ለትምህርት ቤት ፎርም ስሞላ ተሳስቼ እስከ ዛሬ ልጅቷ በሁለት የተለያየ ሳምንት ተወልዳለች። ማሽኗን ወደ እኛ አቆጣጠር የመለስኳት፣ ሰው ቀን ሲጠይቀኝ ከጠረጴዛ በታች በጣቴ ስቆጥር እንዳልታይ ነው።

ስለዚህ ከዐስር በኋላ ሐጂ እስኪመጡ ጠበቅሁ። ይቅርታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀኑን የሞሉልኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬም ቢሆን አልችልም።